ደብስቴፕ ልጃችሁን አያሳብድም፤ ጆሮውን ግን ማን ይጠብቀው?

 

የዛሬው ጽሑፍ ወላጆችንም ወጣቶችንም ትንሽ ሊያስቆጣ ይችላል። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ላንቻ አካባቢ በምሠራበት ክሊኒክ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ይሄ ልጄ የሚሰማው ዱም ዱም የሚል ሙዚቃ አእምሮውን አይጎዳውም?» ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ ደብስቴፕ ነው። ስሙን ባያውቁትም ከዚያው ቤተሰብ ስለሆነ፣ ቤዝ ስለበዛበት ሙዚቃ ነው። አንዱ ወላጅ «ያሳብዳል» ይላል። ሌላው «የሚጥል በሽታ ያመጣል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «የሰይጣን ነው፣ የእኛም አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። ልጆቹ በበኩላቸው «ቤዝ ደረት ካልመታ ሙዚቃ አይደለም» ብለው ይሟገታሉ።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። ወላጆች የሙዚቃውን ስም ሲከሱ የድምፁን መጠን ይረሳሉ። ወጣቶች ደግሞ የቤዝን ጥልቀት ከጩኸት ጋር ያምታታሉ። እኔን እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ ስንት ዴሲቤል፣ ለስንት ሰዓት እና በማን ጆሮ ላይ የሚለው ነው። ፓራሲታሞልም ቢሆን በልኩ ሲወሰድ መድኃኒት ነው፣ ሲበዛ ጉበት ያጠፋል። ድምፅም ልክ አለው።

ለመሆኑ ደብስቴፕ ምንድን ነው?

የማናውቀውን ነገር ከመኮነናችን በፊት እንወቀው። ደብስቴፕ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ለንደን፣ በተለይ ክሮይደን በሚባለው አካባቢ የተወለደ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው። እንደ ስክሪም እና ቤንጋ ያሉ ገና አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበሩ ልጆች ቢግ አፕል በሚባል የሸክላ መሸጫ ዙሪያ እየተሰባሰቡ ያሳደጉት ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 140 ምት አካባቢ ቢሆንም ምቶቹ ተራርቀው ስለሚመጡ ቀስ ያለ ይመስላል። መለያው ከሥር የሚሄደው ጥልቅ ቤዝ ነው። ይህ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ60 ኸርዝ በታች ስለሚወርድ ከጆሮ ይልቅ በሰውነት የሚሰማ ይመስላል። በስልክ ስፒከር ብትከፍቱት አብዛኛው ቤዝ ጨርሶ አይወጣም።

ስሙ ውስጥ ያለው «ደብ» የመጣው ከጃማይካ ነው። እንደ ኪንግ ተቢ ያሉ የኪንግስተን የድምፅ ባለሙያዎች የሬጌ ዘፈን ወስደው የድምፃዊውን ድምፅ ቀነስ፣ ቤዝና ከበሮውን ጎላ እያደረጉ አዲስ ሙዚቃ ሠሩ። የሬጌ ሰዎች ደግሞ ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ኢትዮጵያ ያዞሩ ራስ ተፈሪያውያን እንደነበሩ ሻሸመኔ ምስክር ናት። ስለዚህ «ከእኛ ጋር ምንም አይገናኝም» ከማለታችን በፊት ትንሽ ቆም ብንል ጥሩ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ነገሩ መልክ ቀየረ። አሜሪካዊው ስክሪሌክስና መሰሎቹ ቤዙን ከጥልቁ አውጥተው ወደ መካከለኛው ድምፅ አመጡት። እንደ መጋዝ የሚያፏጭ፣ እንደ ማሽን የሚያጓራ ሆነ። የለንደኖቹ አድማጮች «ይሄ ደብስቴፕ አይደለም» ብለው ተቆጡ። የደብስቴፕ ድንበር የቱ ጋር ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም።

ይህ የሙዚቃ ወዳጆች ጭቅጭቅ ብቻ ይመስላል። ለጆሮና ለጎረቤት ግን ልዩነቱ ትርጉም አለው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ጆሮ ምኑ ነው የሚጎዳው?

በውስጠኛው ጆሯችን ቀንድ አውጣ የሚመስል ክፍል አለ። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ወደ 15,000 የሚሆኑ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ፤ የድምፅን ንዝረት ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ከባድ ድምፅ ሲበዛባቸው መጀመሪያ ይደክማሉ። ከጭፈራ ቤት ወይም ከሠርግ ስትወጡ ጆሯችሁ ጭው የሚለው፣ የሰውም ንግግር የታፈነ የሚመስለው ለዚህ ነው። ካረፉ ያገግማሉ። ድብደባው ከተደጋገመ ግን ይሞታሉ። የሞተ የጆሮ ሴል እንደ ቆዳ ወይም እንደ ፀጉር ተመልሶ አይበቅልም። የሚመልሰው መርፌም ኪኒንም የለም።

ጉዳቱ በብዛት የሚጀምረው ከ3,000 እስከ 6,000 ኸርዝ ባለው ድምፅ ላይ ነው። ይህ እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጸ ያሉ ፊደላትን የምንለይበት አካባቢ ነው። ስለዚህ ተጎጂው ልጅ «አልሰማም» አይላችሁም። ስታወሩ ይሰማዋል፤ ምን እንዳላችሁ ግን አይለየውም። «ምን አልሽኝ?» ያበዛል። በክፍል ውስጥ አስተማሪው ሲናገር ይስታል። ከዚያ «ሰነፍ»፣ «ልቡ የማያርፍ» የሚል ስም ይወጣለታል።

አሁን ወደ ልዩነቱ እንመለስ። ጆሯችን ለጥልቅ ቤዝ ያለው ስሜት ደካማ ነው። በመካከለኛውና በከፍተኛው ድምፅ ላይ ግን በጣም ንቁ ነው። ስለዚህ የሁለቱ መጠን እኩል ሆኖ ቢለካ፣ ጆሮን ፈጥኖ የሚጎዳው ከሥር የሚሄደው ጥልቁ ቤዝ ሳይሆን የሚያፏጨውና የሚያጓራው መካከለኛ ድምፅ ነው። ጥልቁ ቤዝ ደግሞ ግድግዳ ጥሶ ጎረቤት ቤት የመግባት ኃይሉ ከሁሉም ይበልጣል። ባጭሩ፦ የሚያጓራው የአድማጩን ጆሮ ይመታል፣ ጥልቁ የጎረቤትን እንቅልፍ ይመታል። ሁለቱንም በአንድ ቃል «ጎጂ» ብሎ መከልከልም ሆነ ሁለቱንም «ጥበብ ነው» ብሎ ያለ ልክ መክፈት ትክክል አይደለም።

ለወላጆች፦ ክሱን አስተካክሉት

«ያሳብዳል» ለሚለው፦ ደብስቴፕም ሆነ ሌላ የሙዚቃ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አያመጣም። ልጃችሁ እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ ለብቻው ማውራት ከጀመረ ወይም ውጤቱ በድንገት ከወረደ ሙዚቃውን መክሰስ ጊዜ ማባከን ነው። ወደ ሐኪም አምጡት። «ዘፈኑ ነው» እየተባለ ሕክምና የሚዘገይበት ልጅ ያሳዝነኛል።

«የሚጥል በሽታ ያመጣል» ለሚለው፦ ሙዚቃ የሚቀሰቅሰው የሚጥል በሽታ በጣም በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ የሚታይ ነገር ነው። በሽታው ያለበት ወጣት ጭፈራ ቤት ሲሄድ የምፈራለት ሌላ ነገር አለ። ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት አንዳንዶቹ ላይ ሊቀሰቅሰው ይችላል። እንቅልፍ ማጣት፣ አልኮል እና የተዘለለ መድኃኒት ደግሞ ዋናዎቹ ቀስቃሾች ናቸው። ልጃችሁን «ቤዝ አትስማ» ከምትሉት «መድኃኒትህን ወስደሃል ወይ?» ብትሉት ይሻላል።

ሦስተኛው ነገር ያማል፤ ግን እናገራለሁ። የልጁን ኢርፎን ቀምቶ፣ እሑድ ሠርግ ቤት ሲሄድ ሕፃን ልጁን ከስፒከሩ ሥር ካለው ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ወላጅ ስንት ነው? የስምንት ወር ሕፃን ታዝሎ የዲጄው ሰብዉፈር አጠገብ ሲጨፈር አይተን የለም ወይ? እዚያ የሚዘፈነው እስክስታ ስለሆነ ድምፁ ጆሮ አይጎዳም? የሱቅ ማስታወቂያ ይዞ የሚዞር መኪና፣ በር ላይ ስፒከር የደረደረ ቡቲክ፣ ከልክ በላይ የተከፈተ የእምነት ቤት ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አየር ነው የሚያንቀጠቅጡት። ጆሮ የድምፅ ማጉያው ባለቤት ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ዓለማዊውንም መንፈሳዊውንም፣ ባህላዊውንም ፈረንጁንም የሚመዝነው በአንድ ሚዛን ነው። ወላጅም በዚያው ሚዛን ይመዝን።

«የእኛ አይደለም» ለሚለው

አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ ሙዚቃ ጋር ከልብ የተነጋገሩ የራሳችን ልጆች አሉ። እንደገና ሙሉ፣ በመድረክ ስሙ ኢትዮጵያን ሪከርድስ፣ የለንደንን የቤዝ ሙዚቃ ከአገር ቤት ዜማና ምት ጋር አዋህዶ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ የሰየመውን መንገድ ከፍቷል። ሚካኤል ሰይፉም እ.ኤ.አ. በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 ደግሞ «ዘላለም»ን አውጥቶ ሥራው ከአዲስ አበባ አልፎ በውጭ አገር አድማጮች ዘንድ ደርሷል። እነዚህ ልጆች የሌላ ሰው ሙዚቃ ገልባጮች አይደሉም። የእኛን ድምፅ በአዲስ መሣሪያ ለመናገር የሞከሩ ናቸው። ውጤቱን መውደድና አለመውደድ የእያንዳንዳችን ነው፤ «የእኛ አይደለም» ማለት ግን አይቻልም።

ደግሞስ ጥልቅ ድምፅ ለእኛ መቼ እንግዳ ሆነ? የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሲመታ ሆዳችን ድረስ የሚሰማን ምንድን ነው? በገናንስ አስቡ። አሥር አውታር አለው። በእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባና ያንን የሚነዝር፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ትፈጥራለች። ከመሣሪያዎቻችን ሁሉ ጥልቁ ድምፅ የእሱ ነው ብል ብዙ የሚቃወመኝ አይመስለኝም። በገና ግን አይጮህም። በዐቢይ ጾም ሲደረደር ሰው ራሱ ጸጥ ይልና ያዳምጠዋል፤ ንዝረቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ጥልቀት ከጩኸት ጋር እንደማይያያዝ አባቶቻችን ከስፒከር በፊት ያወቁት ነገር ነው።

ለቤዝ ወዳጆች፦ የእናንተም ክስ አለ

የእናንተን ወገን ሳይንስ በከፊል ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእውነተኛ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ኮንሰርት ላይ ያደረጉትን አንድ ሙከራ ይፋ አደረጉ። ከ8 እስከ 37 ኸርዝ የሚደርስ እጅግ ጥልቅ ድምፅ የሚያወጡ ስፒከሮችን በየተወሰነ ደቂቃ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ስፒከሮቹ ሲከፈቱ ታዳሚው በ11.8 በመቶ የበለጠ ተወዛወዘ። ቤዝ ሰውነትን ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎችም በወለሉና በሰውነታቸው ንዝረት ሙዚቃን የሚያጣጥሙት በዚሁ በጥልቁ ድምፅ ነው። ይህ ትልቅ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ ጭፈራ ደግሞ ለልብም ለአእምሮም ጥሩ ነው።

ግን የሙከራውን ሌላኛውን ግማሽ አትርሱ። ሰዎቹ ያ ጥልቅ ድምፅ መከፈቱንና መዘጋቱን በጆሯቸው አልለዩትም። ሰውነታቸውን ያወዛወዘው ሊሰሙት የማይችሉት ድምፅ ነበር! እንግዲህ «ጆሮ ካልደነቆረ ቤዝ አይሰማም» የሚለው ክርክራችሁ እዚህ ላይ ይወድቃል። ጥሩ ሰብዉፈር ያለው፣ በሥርዓት የተስተካከለ አዳራሽ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ቀንሶ ቤዙን ማስደሰት ይችላል። መጥፎ ስፒከር ግን ቤዙን ማውጣት ስለማይችል ሌላውን ሁሉ ያስጮኸዋል። ጭንቅላት የሚያዞረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ቶራክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከኃይለኛ የቤዝ ድምፅ ጋር ተያይዞ ሳንባቸው የተኮማተረባቸው ጥቂት ሰዎች ታሪክ ወጥቷል። አንዱ መኪናው ውስጥ ትልቅ የቤዝ ሳጥን የገጠመ ሰው ነበር። ይህ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ ለማስፈራራት አይደለም የምነግራችሁ። ግን ከስፒከር አጠገብ ቆማችሁ ድንገት ደረታችሁን ከወጋችሁና ትንፋሽ ካጠራችሁ «ቤዙ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ሁለተኛ፣ የስክሪሌክስ አንድ ዘፈን ትንኝ ያባርራል የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ ከሆነ ከጀርባው እውነተኛ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 አክታ ትሮፒካ በተባለው መጽሔት የወጣ ሲሆን ዘፈኑ ሲከፈት ኤዴስ ኤጂፕታይ የተባለችው ትንኝ ደም ለመምጠጥ መዘግየቷንና ተራክቦዋም መቀነሱን አሳይቷል። ይህች የዴንጊ ትንኝ ናት። የወባ ትንኝ ሌላ ናት። ሙከራውም በቤተ ሙከራ የተደረገ ነው። ስለዚህ አጎበራችሁን አታውርዱ።

የድምፅ ልክ ስንት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር ያወጣው የማዳመጫ ልክ እንዲህ ነው። ቁጥሮቹ በሳምንት ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ጊዜ ያመለክታሉ፦

• 80 ዴሲቤል፦ ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት
• 85 ዴሲቤል፦ 12 ሰዓት ተኩል
• 90 ዴሲቤል፦ 4 ሰዓት
• 95 ዴሲቤል፦ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ
• 100 ዴሲቤል፦ 20 ደቂቃ ብቻ

ለሕፃናት መነሻው ዝቅ ብሎ 75 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ነው። ስለዚህ አዋቂ 90 ዴሲቤልን በሳምንት 4 ሰዓት ቢችል፣ ለልጅ የሚፈቀደው 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ብቻ ነው።

ልብ በሉ፤ ዴሲቤል እንደ ብር አይደመርም። 3 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። «ትንሽ ነው የጨመርኩት» የሚለው ዲጄ ትንሽ አልጨመረም።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ለኮንሰርትና ለጭፈራ ቤቶችም መለኪያ አውጥቷል። በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ድምፁ እየተለካ እንዲቆይ፣ የጆሮ መድፈኛ እንዲቀርብና ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ እንዲኖር ይጠይቃል። ይህን ማድረግ ሙዚቃን መግደል ነው የሚለኝ ባለ ክለብ ካለ፣ ደንበኞቹ ከአሥር ዓመት በኋላም ሙዚቃ እንዲሰሙለት አይፈልግም ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ኢርፎን በታክሲ ውስጥ

ከጭፈራ ቤቱ ይልቅ ብዙ ልጆችን የሚጎዳው የየቀኑ ኢርፎን ነው። ከመስቀል አደባባይ በመሿለኪያና በጠመንጃ ያዥ አድርጎ ወደ ላንቻ የሚመጣ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ተማሪ አስቡ። የሞተሩ ጉርምርምታ ራሱ ዝቅተኛ ድምፅ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሸፍነው የዘፈኑን ቤዝ ነው። ልጁ ቤዙ ሲጠፋበት ቮሊዩም ይጨምራል። ቤዙ እስኪመለስ ሲጨምር ሌላው ድምፅ ሁሉ አብሮ ወደ አደጋው ይወጣል። ብዙ ስልኮች በሙሉ ቮሊዩም 100 ዴሲቤል አካባቢ መድረስ ይችላሉ። ሠንጠረዡን ተመልከቱ፤ የአንድ ሳምንት ድርሻው በአንድ የታክሲ ጉዞ ሊያልቅ ይችላል።

ቤዝ ለሚወድ ልጅ ትክክለኛው ምክር «ቤዝ አትስማ» አይደለም። ጫጫታ ባለበት ቦታ አትስማ፣ ቤት ስትደርስ ቀስ አድርገህ ስማ ነው። አቅም ካለ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን ይሻላል፤ የውጭውን ጫጫታ ስለሚቀንስ ቮሊዩም መጨመር አያስፈልግም። መንገድ ሲያቋርጥ ግን ሁሉንም ያውልቅ።

የጎረቤት ግድግዳ

አሁን ወደ ሰፈራችን። ላንቻና ቂርቆስ ውስጥ ብዙ ቤት ግድግዳ ይጋራል፤ የጭቃው ቤትም ኮንዶሚኒየሙም። የ50 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። ይህን የመሰለ ድምፅ ግድግዳ አያቆመውም። ቀጭኑ ድምፅ ግድግዳው ላይ ሲቀር ጥልቁ ያልፋል። ስለዚህ ጎረቤት ዘፈኑን አይሰማም፤ ግጥሙም ዜማውም አይደርሰውም። የሚደርሰው ዱም ዱሙ ብቻ ነው። እናንተ ሙዚቃ ትሰማላችሁ፣ እሱ አልጋው ላይ ተኝቶ ምት ይቆጥራል። እንቅልፉን የተነጠቀ የደም ግፊት ሕመምተኛ፣ አራስ እናት፣ የነገ ፈተና ያለበት ተማሪ ግድግዳው ወዲያ አለ።

«በስልኬ ለካሁት፣ ዝቅተኛ ነው» የሚል መልስ አውቃለሁ። አብዛኛዎቹ መለኪያዎች የሚለኩት «ኤ» በሚባለው ሚዛን ነው። ይህ ሚዛን ቤዝን በጣም አሳንሶ ያነባል። በ63 ኸርዝ ላይ ያለ 100 ዴሲቤል ድምፅ በዚህ ሚዛን 74 ብቻ ሆኖ ይታያል። «ሲ» በሚባለው ሚዛን ብትለኩት ግን ወደ 99 ይሆናል። ጎረቤታችሁ «መስኮቴ ተንቀጠቀጠ» ሲላችሁ እመኑት። ከመለኪያችሁ ይልቅ የእሱ መስኮት ትክክል ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ይቆጥረዋል። የአገሪቱ መለኪያ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሌሊት 45 ማለት በጣም ዝቅተኛ ነው። ይህን በልቡ የያዘ ባለ ቡና ቤት ወይም ባለ ክለብ ሰብዉፈሩን ወደ ጎረቤት ግድግዳ አያዞርም፤ ከወለሉም ላይ አንሥቶ ንዝረት በሚያስቀር ነገር ላይ ያስቀምጠዋል።

ለእርጉዝ እናቶች አንድ ቃል

ቀጭን ድምፅ በሆድ ግድግዳ ይቀንሳል፤ ጥልቅ ድምፅ ግን ብዙም ሳይቀንስ ወደ ፅንሱ ይደርሳል። እናት ጆሮዋን በመድፈኗ ፅንሱ አይጠበቅም። ሠርግ መሄድ ክልክል አይደለም፤ ግን ከስፒከሩ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ሆዳችሁን ስፒከር ላይ አስደግፋችሁ አትቁሙ፤ ሥራችሁ በከባድ ድምፅ ውስጥ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

የተረሳው ጆሮ

ስለ ደብስቴፕ የሚጨነቅ ወላጅ አንዳንዴ መግል የሚወጣውን የልጁን ጆሮ ለወራት ችላ ይለዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፦ እንደ እኛ ባሉ አገሮች የብዙ ልጆችን መስማት የሚቀንሰው በጊዜ ያልታከመ የጆሮ ኢንፌክሽን ነው። ዘይት፣ የሽንኩርት ጭማቂ፣ ቅጠል አትጨምሩበት። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚመግል ጆሮ በአስቸኳይ መታየት አለበት። ልጃችሁ የሚሰማውን ሙዚቃ ከመመርመራችሁ በፊት የሚሰማበትን ጆሮ አስመርምሩ።

በተግባር ምን እናድርግ?

1. የስልኩን ቮሊዩም ከ60 በመቶ በታች አድርጉ። ብዙ ስልኮች ውስጥ ከፍተኛውን ልክ መዝጊያ ስላለ አብራችሁ አስተካክሉት።
2. በየሰዓቱ ጆሮን አሳርፉ።
3. ኢርፎን ያደረገው ልጅ በክንድ ርቀት ሆናችሁ ስታናግሩት ካልሰማችሁ ድምፁ በዝቷል።
4. ሠርግና ኮንሰርት ላይ ከስፒከር ራቁ። ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ከአዳራሹ የመጨረሻው ጥግ ተቀመጡ ወይም ለሕፃን የተሠራ የጆሮ መሸፈኛ አድርጉለት።
5. ጥጥ ጆሮን በበቂ አይከላከልም። ስፖንጅ መሰሉን የጆሮ መድፈኛ ተጠቀሙ።
6. ጆሮው ጭው ያለ ሰው በማግሥቱ ያርፍ። ጭውታው ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ወይም አንዱ ጆሮ ድንገት ከደነቆረ በዚያው ቀን ሐኪም ያሳይ። ድንገተኛ ድንቁርና በቀናት ውስጥ ከታከመ የመመለስ ዕድል አለው።

ወላጆች ሆይ፣ ከልጃችሁ ጋር ስለ ሙዚቃው ዓይነት መጣላታችሁን አቁሙ። አንድ ጊዜ አብራችሁ አዳምጡት። ከዚያ የምትደራደሩት ስለ ቮሊዩሙና ስለ ሰዓቱ ይሁን። ልጅ «ሙዚቃህ ቆሻሻ ነው» ከተባለ ጆሮውንም ልቡንም ይዘጋል። «ጆሮህ ያሳስበኛል» ከተባለ ግን ብዙ ጊዜ ይሰማል።

እናንተም ወጣቶች፣ ቤዝ ውደዱ፣ ጨፍሩ፣ ሥሩት። ግን ሰባ ዓመት ሲሞላችሁም ከበሮውን ከበገናው ለይታችሁ እንድትሰሙ እፈልጋለሁ። የጎረቤታችሁን እንቅልፍ ደግሞ ሳትጠይቁ አትውሰዱ።

ለሠርግ አዘጋጅ ዘመዳችሁና ለዲጄ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉላቸው።